የአሜሪካ የብር ማንኪያ ጀርባ ላይ ያለችው ንስር የማን ናት?

ስለ ጥንታዊ የብር ዕቃ በሚወያይ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተችው ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ የቤት ዕቃ ሽያጭ ሰባት ማንኪያ የገዛች ሴት ናት። ስድስቱ አንድ ዓይነት የሻይ ማንኪያዎች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ከ15 እስከ 16 ግራም ይመዝናሉ። የእጀታቸው ጫፍ እንደ ቫዮሊን ትከሻ አውጥቶ ይሰፋል። ከእጀታው ጀርባ፣ ጎድጎድ ባለች ጠባብ አራት ማዕዘን ውስጥ፣ ሁለት ፊደል ተመቷል፤ እሷ «አይ» እና «አር» ብላ አንብባዋለች። አጠገቡ ሦስት ትንንሽ ምልክቶች አሉ፦ ክንፉን የዘረጋ ንስር፣ የሰው ራስና ኮከብ። ሰባተኛው ትልቅ የሾርባ ማንኪያ ነው፤ እሱ ላይ «1847 ሮጀርስ ብሮስ»፣ ቀጥሎም «ኤ1» ተጽፏል።

ጥያቄዋ ሦስት ነበር። ንስሯ የአሜሪካ መንግሥት ማኅተም ናት ወይ? የስድስቱ ሠሪ ማን ነው? የ1847ቱስ ከሁሉም ቀድሞ ከተሠራ ዋጋውም ከሁሉም ይበልጣል ወይ? በብልጭታ የተነሣ አንድ ፎቶ አያይዛለች። ከመነሣቱ በፊት በብር ማጽጃ ቅባት በደንብ እንደወለወለቻቸውም ጽፋለች፤ ይቺ ነገር ኋላ ላይ ብዙ አነጋግራለች።

1ኛው መላሽ በትሕትና ነው የጀመረው። ንስሯ የመንግሥት እንዳልሆነች፣ አሜሪካ ውስጥ ብርን በአገር ደረጃ መርምሮ ማኅተም የሚመታ ቤት ኖሮ እንደማያውቅ አስረዳ። እንግሊዞች ከ1300 ጀምሮ በሕግ ሲያስመረምሩ፣ በአሜሪካ ይህን የሞከረችው ባልቲሞር ብቻ ናት፤ እሱም ከ1814 እስከ 1830 ነው። ስለዚህ አሜሪካዊ ማንኪያ ላይ ያለ ስም የሠሪው ወይም የሻጩ ቃል እንጂ የመርማሪ ምስክርነት አይደለም። የሰው ራሱ ደግሞ እንግሊዞች ከ1784 እስከ 1890 ቀረጥ ለተከፈለበት ብር ይመቱት የነበረውን የንጉሥ ራስ ለማስመሰል የገባ ነው። ገዢው የለንደን ዕቃ መልክ ይወድ ስለነበር አሜሪካውያኑ አንጥረኞች አንበሳውንም፣ ራሱንም፣ ፊደሉንም እየወሰዱ ይመቱ ነበር። ንስርና ኮከብ የጨመሩት ከራሳቸው ነው። ከሁሉም መልሶች መሠረቱን የያዘው ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

2ኛው ተስማምቶ አንድ ነገር አከለበት። ከ1820ዎቹ ወዲህ ብዙ ማንኪያ በትልቅ ወርክሾፕ በጅምላ ተሠርቶ ለየከተማው የሰዓትና የጌጣጌጥ ሱቅ ይሸጥ ነበር። ንስርና ኮከቡን የሚመታው ወርክሾፑ ሲሆን ስሙን የሚመታው ባለ ሱቁ ነው። ስለዚህ ስሙ ቢገኝም ማንኪያውን የቀጠቀጠው ሰው ነው ማለት አይደለም፤ መፈለግ ያለበትም በአንጥረኞች ዝርዝር ብቻ ሳይሆን በሱቅ ነጋዴዎችም ዝርዝር ነው።

3ኛው ወደ ሰባተኛው ማንኪያ ሄደና ለእኛ አንባቢ ከዚህ የቀለለ ማስረጃ የሌለውን ነገር አመጣ፤ ጠገራ ብርን። የማርያ ቴሬዛ ብር ሁሉ 1780 ይላል። እቴጌዋ የሞተችው በዚያ ዓመት ነውና ከዚያ በኋላ በቪየናም፣ በሮምም፣ በለንደንም፣ በቦምቤይም ሲመታ ዓመቱ አልተቀየረም። 1847ም እንደዚያው ነው። የሮጀርስ ወንድማማቾች ሃርትፎርድ፣ ኮነቲከት ውስጥ በኤሌክትሪክ የተለበጠ ዕቃ ለገበያ ያቀረቡበት ዓመት የንግድ ምልክት ሆኖ ቀረ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውም ላይ አለ። ትልቁ ማንኪያ ልብጥ፣ ማለትም ላዩ ብቻ በብር የተሸፈነ ነው፤ «ኤ1» የልባጡን ደረጃ ይናገራል እንጂ ብሩን አይመሰክርም። ከስድስቱ የሚያንሰውም እሱ ነው።

4ኛው አሁንም ግልጽ አልሆነለትም ነበር፤ ከልባጡ ሥር ያለው «ጀርመን ሲልቨር» ከሆነ ቢያንስ ርካሽ ብር አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። 5ኛው አጭር መልስ ሰጠው፦ ጀርመን ሲልቨር፣ ኒኬል ሲልቨር የሚባለው መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፤ ውስጡ ቅንጣት ብር የለም። ሌላም ወጥመድ ጠቆመ። ሆልምስ ኤንድ ኤድዋርድስ የሚባለው ፋብሪካ አንዳንድ ማንኪያዎች ላይ «ስተርሊንግ ኢንሌይድ»፣ ማለትም ስተርሊንግ የሚባለው ከፍተኛ ደረጃ ብር የገባበት፣ የሚል አለ። ስተርሊንግ የሚለውን ያየ ገዢ ይታለላል፤ ነገሩ ግን ልብጥ ነው፤ ስተርሊንግ የገባው ማንኪያው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚያርፍባቸው፣ ቶሎ የሚፋቁት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው። ቃሉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው መድኃኒቱ።

6ኛው መልስ ክሩን አሞቀው። «አይ አር» ካለ የፊላዴልፊያው አንጥረኛ ጆሴፍ ሪቻርድሰን ነው፣ በጥንቱ አጻጻፍ «ጄ» በ«አይ» ይተካ ስለነበር ጥርጥር የለውም፣ ጠያቂዋ ሀብት አግኝታለችና ዝም ብላ ለጨረታ ቤት ትውሰደው አለ። 7ኛው ይህን አልታገሠም። ስም ከመጥራት በፊት ማንኪያውን ማየት ይቀድማል ብሎ በቁጣ ጻፈ። አባትየው ሪቻርድሰን የሞተው በ1784 ነው፤ የቫዮሊን ጫፍ ያለው ማንኪያ በአሜሪካ የተስፋፋው ግን ከ1810 ገደማ ወዲህ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ፊደል ብቻ ያላቸው አንጥረኞች በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከመካከላቸው ዝነኛውን መርጦ መስጠት ጠያቂዋን ከንቱ ተስፋ ላይ መጣል ነው። ቃሉ ጠንከር ያለ ቢሆንም እኔ በነገሩ ከ7ኛው ጋር ነኝ። ሰው ከመጽሐፍ ላይ ፊደል ያዛምድና ቅርጹን ይረሳል፤ የዚህ ሥራ ትልቁ ስሕተት ይኸው ነው።

6ኛው ግን አንድ እውነት ይዟል፤ 8ኛው መላሽ ያንን ለይቶ አወጣለት። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን «አይ» እና «ጄ» አንድ ነበሩ። የቦስተኑ ጆን ኮኒ «አይ ሲ» ብሎ ከሥሩ ጥንቸል ይመታ ነበር፤ ኮኒ በጥንቱ እንግሊዝኛ ጥንቸል ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ጅራቱ የተቆለመመ «ጄ» እየተለመደ መጣ። ስለዚህ በዚህ ዘመን ማንኪያ ላይ «አይ» የመሰለ ፊደል ሲታይ መጀመሪያ ጅራቱ ተፍቆ እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

ከዚያ 8ኛው ቅርጽን በቅደም ተከተል ዘረዘረ፤ ለብቻው ተቀድቶ ሊቀመጥ የሚገባው ነው። ከጎድጓዳው ጀርባ እንደ አይጥ ጅራት ረዥም ሸንተረር ያለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያና ከዚያ በፊት ነው። የእጀታው ጫፍ ወደ ላይ የሚታጠፈው እስከ 1760ዎቹ፣ ወደ ታች የሚታጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። ጫፉ እንደ ሬሣ ሣጥን በማዕዘን የተቆረጠው ከ1795 እስከ 1810 ገደማ ብቻ ስለቆየ ዘመኑን ያጠብባል። ቫዮሊን ከ1810 እስከ ክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ሄደ። እጀታው ላይ የስንዴ ነዶ ወይም የአበባ መሶብ በጉልህ የወጣበት ከሆነ 1820ዎቹና 1830ዎቹ ናቸው። ጎድጓዳው ከእጀታው የሚገናኝበት ቦታ፣ ከጀርባ፣ እንደ ጠብታ ያለች ውፍረት ትታያለች፤ ወደ ክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ስንቀርብ እየደከመች ትጠፋለች። እጀታው ላይ ሦስት ፊደል በሦስት ማዕዘን ተቀርጾ ከተገኘ ላይኛው የቤተ ሰቡ ስም፣ ታችኞቹ የባልና የሚስት መጠሪያ መነሻዎች ናቸው፤ የሠሪው አይደሉም። ብዙ ጀማሪ ይህንን የባለቤት ጽሑፍ የአንጥረኛ ማኅተም ያደርገዋል፤ መለያው ግን ቀላል ነው፦ የባለቤቱ በመቅረጫ ተጭሯል፣ የሠሪው በብረት ተመቷል።

9ኛው ጎርሃም የሚባለውን የብር ዕቃ ፋብሪካ አነሣ። አንበሳ፣ መልሕቅና «ጂ» ያለበት ማንኪያ የፕሮቪደንስ፣ ሮድ አይላንዱ ጎርሃም እንደሆነ፣ ከ1868 ጀምሮ በየዓመቱ ፊደል ይመታ ስለነበር ዓመቱ ሳይቀር እንደሚታወቅ ነገረን። 10ኛው ግማሹን አጸና፣ ግማሹን አረመ። አንበሳና መልሕቁን ያየ ሰው እንግሊዝ በርሚንግሃም ነው ይላል፤ የበርሚንግሃም ምልክት መልሕቅ ነውና። የጎርሃም ግን ሁልጊዜ ሦስቱ አብረው ነው የሚሄዱት፤ የሠሪው መነሻ ፊደላት እንደ እንግሊዙ ተለይተው አይገኙም። የዓመት ፊደሉ ደግሞ በብዛት ያለው ሰፋ ባሉ ዕቃዎች፣ ማለትም በማንቆርቆሪያና በጎድጓዳ ሳሕን ላይ ነው፤ ማንኪያ ላይ የሚፈልገው ሰው ብዙ ጊዜ አያገኘውም። ማንኪያ ላይ ያለው ይልቁንም የጌጡ ዲዛይን የተመዘገበበት ዓመት ነው። ቻንቲሊ የሚባለው የጎርሃም ዲዛይን በ1895 ወጥቶ ከዚያ ወዲህ ስንት አሥር ዓመት ተመቷል! 10ኛው እዚህ ላይ የ3ኛውን ጠገራ ብር መልሶ ጠቀሰ፤ ዓመት የተጻፈበት ሁሉ የልደት ቀኑን አልተናገረም።

እግረ መንገዱን 11ኛው ስለ ቃላቱ አብራራ። በስድስቱ ላይ «ስተርሊንግ» አለመኖሩ ብር አይደሉም ማለት አይደለም። ስተርሊንግ ከ1000 እጅ 925 ብር ማለት ሲሆን በአሜሪካ እየተለመደ የመጣው ከ1850ዎቹ በኋላ ነው፤ ጎርሃም ራሱ የተቀበለው በ1868 ነው። ከዚያ በፊት የሚሠራው በሳንቲም ብር ነበር፤ «ኮይን»፣ «ፒዩር ኮይን»፣ «ዶላር»፣ «ስታንዳርድ» የሚሉት ሁሉ ይህንን ነው የሚሉት። የአሜሪካ ሳንቲም እስከ 1837 ከ1000 እጅ 892 ገደማ፣ ከዚያ ወዲህ 900 ነበር። ባልቲሞር ውስጥ ግን «11 ኦዝ» እና «10.15» የሚሉ ቁጥሮች ይገኛሉ፤ ከ12 ወቄት (ኦዝ) ውስጥ ስንቱ ብር እንደሆነ የሚናገሩ ናቸው፤ «10.15» 10 ወቄት ከ15 ፔኒዌይት ማለት ነው፣ አንዱ ወቄት 20 ፔኒዌይት ነውና፤ የመጀመሪያው 917፣ ሁለተኛው 896 ገደማ ይሆናል። የደረጃ ማኅተምን በተመለከተ አገር አቀፍ ሕግ የወጣው በ1906 ነው። ከዚያ በፊት የሚቆጣጠር ስላልነበረ ኮይን የተባለውም ልኩ ከፍና ዝቅ ይላል።

12ኛው ስለ ፎቶው የጻፈው ከሁሉም በተግባር የረዳት ነው፤ አጀማመሩ ግን ሻካራ ነበር። ማኅተሙን ሳያነብ የሚወለውል ሰው ማስረጃ የሚያጠፋ ሰው ነው አለ። የፊደሉ ከፍታ ከጥፍር ውፍረት ያነሰ ነው፤ ቅባቱ ደግሞ ጥቁረቱን ብቻ ሳይሆን ብሩንም ይዞ ይሄዳል። በተለይ በፊደሉ ዙሪያ የተኛው ጥቁረት ለንባብ የሚረዳ ጥላ ነው። ከዚህ በኋላ መደረግ ያለበትን በየተራ ጻፈ። ማንኪያውን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ ማስተኛት። የስልኩን ብልጭታ ማጥፋት፤ ብልጭታ ከፊት ለፊት ስለሚመታ ጥላውን ይገድለዋል። መብራቱን ከጎን፣ ከጠረጴዛው ብዙም ሳይርቅ፣ ብርሃኑ ማኅተሙን በአግድም እንዲዳስሰው ማድረግ። መብራቱን ሳያንቀሳቅሱ ማንኪያውን ሩብ ሩብ እያዞሩ አራት ፎቶ ማንሣት፤ ከአንድ አቅጣጫ የማይታየው የፊደል እግር ከሌላው ይወጣል። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ስልኩ ካሜራ ላይ ማስጠጋት። አልነበብ ካለ ትንሽ የሕፃን ፓውደር በጣት አሽቶ ላዩን ብቻ መጥረግ፤ በጥንቶቹ ማኅተሞች ፊደሉ ጎድጎድ ባለ መደብ ላይ ከፍ ብሎ የቆመ ስለሆነ ዱቄቱ መደቡ ላይ ይቀርና ፊደሉ ይለያል። ከሁሉም በላይ ግን ከስድስቱ አንዱን ብቻ ሳይሆን ስድስቱንም ማንሣት። እያንዳንዱ ማንኪያ ለብቻው ነው የተመታው፤ በአንዱ ያልወጣ እግር በሌላው ወጥቶ ይገኛል።

13ኛው በአነጋገሩ ተቆጥቶ ጠያቂዋን ደግፎ ቆመ። ሳታውቅ ያደረገችውን በትሕትና መንገር ይቻል ነበር፣ ለመማር የመጣችን እህት ማሸማቀቅ ቀጣዩ ሰው እንዳይጠይቅ ያደርጋል አለ። እውነት ነው። 12ኛው ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ፤ ምክሩን ግን አልሻረም፣ ሊሽረውም አይገባም ነበር።

14ኛው ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ ማግኔት ይጠጋና ካልሳበው ብር ነው፣ ካልሆነም አሲድ ጠብ ማድረግ ነው ብሎ ነገሩን ሊቋጭ ሞከረ። 15ኛው ሁለቱንም ውድቅ አደረገ። ኒኬል ሲልቨርንም ማግኔት አይስበውም፤ ስለዚህ ማግኔት ብረትን ብቻ ነው የሚለየው። አሲዱ ደግሞ ማንኪያው ላይ ከተንጠባጠበ ዕድሜ ልኩን የማይለቅ ጠባሳ ይተዋል፤ ልባጥ ላይ ከሆነ ላዩን ብቻ ነክቶ ብር ነው ብሎ ያሳስታል፤ 900ን ከ925ም አጣርቶ አይለይም። የግድ ከሆነ እንደ ወርቅ ቤቶቹ በመፈተኛ ድንጋይ ላይ አሽቶ መስመሩን መፈተን ነው።

እሱ ያቀረበው የውኃ ሚዛን ነው። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ይፈለጋል። ማንኪያው መጀመሪያ በደረቁ ይመዘናል። ከዚያ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ንባቡ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ማንኪያው በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ይገባል፤ የብርጭቆውን ወለልም ሆነ ግድግዳ መንካት የለበትም። አረፋ ከተለጠፈበት በብሩሽ ይነቀላል፤ አረፋ ውጤቱን ያዛባል። የደረቁ ክብደት አሁን ሚዛኑ ለሚያሳየው ቁጥር ሲካፈል 10.3 ገደማ ከመጣ የሳንቲም ብር ወይም ስተርሊንግ ነው፤ 8.7 ገደማ ከመጣ ኒኬል ሲልቨር ነው። እጀታቸው ውስጡ ባዶ ለሆነ ቢላዎች ግን አይሠራም።

16ኛው ከርዕሱ ወጣ ብሎ ወደ አገር ቤት ወሰደን፤ እኔ ግን መውጣቱ አልከፋኝም። የአሜሪካው አንጥረኛ የስፔኑን ዶላር አቅልጦ ማንኪያ ሲያደርግ፣ የእኛው አንጥረኛ ጠገራ ብርን አቅልጦ መስቀልና ድሪ ያደርግ ነበር። የስፔኑ ዶላር እስከ 1857 አሜሪካ ውስጥ ሕጋዊ ገንዘብ ነበር፤ ሰው የያዘውን ሳንቲም ወደ ዕቃ የሚያስለውጠው ስሙ ሲቀረጽበት ቢሰረቅ ስለሚታወቅ ጭምር ነው። ጠገራው 28 ግራም ያህል ሆኖ ልኩ 833 ስለሆነ የእኛ ጌጥ ከአሜሪካው ማንኪያ በልኩ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ የእኛ አንጥረኞች በአብዛኛው ማኅተም አለመምታታቸው ነው ብሎ አዘነ። ሥራቸው እንጂ ስማቸው አልደረሰንም፤ ይህ ቁጭት የእኔም ነው።

17ኛው ስለ ሐሰተኛ ማኅተም አስጠነቀቀ። በጣም የሚጭበረበረው የቦስተኑ አንጥረኛ የፖል ሪቪር ማኅተም ነው፤ ሪቪር የሞተው በ1818 ነው። «ሪቪር» የሚል አዲስ ብረት አስቀርጾ ዕድሜ ባለው ተራ ማንኪያ ላይ መምታት አለ፤ ከተሰበረ ዕቃ እውነተኛ ማኅተም ቆርጦ ሌላው ላይ መበየድም አለ። ለብየዳው ማኅተሙ ላይ በአፍ መተንፈስ ነው፤ እንፋሎቱ ሲያርፍ የብየዳው መስመር ቀለሙ ተለይቶ ለአፍታ ይታያል። ሦስተኛው ማንኪያውን ከነማኅተሙ በቅርጽ ማፍሰስ ነው፤ የፈሰሰ ፊደል ጠርዙ የለዘበ፣ መደቡም በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ ይሆናል፤ በብረት የተመታው ግን ጠርዙ ስለታም ነው።

18ኛ ሆና ጠያቂዋ ተመለሰች፤ የታዘዘችውን ሁሉ አድርጋለች። አንዱ የሻይ ማንኪያ በደረቁ 15.60 ግራም ሲሆን በውኃው 1.51 አነበበ፤ 10.33 ማለት ነው። ትልቁ 48.20 ሆኖ 5.54 አነበበ፤ 8.70። ስድስቱ ብር ናቸው፣ የ1847ቱ ልብጥ ነው። በጎን ብርሃን የተነሡት ፎቶዎች ደግሞ ያልታየውን አወጡ። በአራቱ ማንኪያዎች ላይ «አይ» የመሰለው ፊደል እውነትም ቀጥ ያለ ነው፤ እምብዛም ባልተፋቁት ሁለቱ ላይ ግን ከሥሩ ወደ ግራ የተቆለመመች ጅራት አለችው። «ጄ» ነው፤ 8ኛው እንዳለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልማድ። 6ኛው መላሽ ይህን አይቶ ሪቻርድሰን ያልኩትን ትቻለሁ ብሎ በክብር ተመለሰ።

ጠያቂዋ ግን አዲስ ስጋት ይዛ ነበር። በስድስቱም ላይ የአራት ማዕዘኑ ግራ የታችኛው ጥግ ጎደል ብሏል፤ ያው ጉድለት ያው ቦታ። 17ኛው የነገራትን አስባ፣ ሁሉም ከአንድ ቅርጽ የፈሰሱ ይሆኑ ወይ ብላ ፈራች።

19ኛውና የመጨረሻው መልስ የ8ኛው መላሽ ነው። ጉድለቱ ያለበትን ቦታ አስተውዪ አላት። ከማኅተሙ ውጭ፣ እጀታው ላይ ያለ ጭረት ወይም ስርጉድ በስድስቱም ላይ ያው ቦታ ቢደገም ኖሮ መፍሰሳቸውን ያሳይ ነበር፤ አንድን አሮጌ ማንኪያ ከነጭረቱ ቀድተውታል ማለት ነውና። በማኅተሙ ውስጥ ያለ ጉድለት ግን የመምቻው ብረት ነው፤ ጥጉ የተሸረፈ ብረት በመታው ሁሉ ላይ ሽራፊውን ይተዋል። በስድስቱ ላይ ማኅተሙ የተቀመጠበት ርቀትና ዘንበል ማለቱ የተለያየ መሆኑም ከፎቶው ይታያል፤ በእጅ አንድ በአንድ ስለተመቱ ነው። ያቺ ሽራፊ ጥግ እንግዲህ መፈለጊያዋ ናት። የአራት ማዕዘኑን ርዝመትና ስፋት በሚሊሜትር ለክታ፣ በዊንተርተር ሙዚየምና በዬል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ስብስቦች ውስጥ «ጄ አር» ካላቸው የ1810–1850 ማንኪያዎች ጋር ታስተያይ። ፊደሉ ገጥሞ ልኩ ካልገጠመ ሌላ ሰው ነው፤ ልኩም ጥጉም ከገጠመ ያው ብረት ነው። ጠያቂዋ በዚያው ማታ ለካችው፦ 7.4 በ2.2 ሚሊሜትር።